የቀመሪያ አራስ አይጦች

አዳማ ላይ ሴት ቁጭ ካለች ወሬ ይነሳል። ወንዱ ከምሳ በኋላ በረንዳ ላይ ጫቱን ይዞ ጀምበር ቢያስጠልቅ «ሐሳብ ይዞት ነው» ይባልለታል። ሴቷ ግን የልብስ ማጠቢያውን ሳፋ መሬት አስቀምጣ ለአንድ አፍታ ግድግዳ ከተደገፈች፣ «ሰነፈች» ለማለት ጎረቤቱ ይሽቀዳደማል። እግሯ ለምን እንደቆመ የሚጠይቅ የለም። መጠየቅ ድካም አለው፤ መፍረድ ግን በነጻ ነው።

ቀመሪያ ላይ የደረሰው ይኸው ነው።

ፍራንኮ ሰፈር ቀመሪያን የማያውቅ የለም፤ የሚያውቋት ደግሞ በእግሯ ነበር። አንዲት ሴት ተገላገለች ከተባለ፣ የወለደችው ሙስሊም ትሁን ክርስቲያን ሳትጠይቅ ሻርፗን ጣል አድርጋ ከተፍ ትላለች። ገንፎውን፣ እነሱ ቤት ማርቃ የሚሉትን፣ እንደ እሷ ሳይጓጉልበት የሚያገነፋ አልነበረም። አራሷን ታጥባለች፣ ወገቧን በመቀነት ጥፍር አድርጋ ታስርላታለች፣ ከአልጋ ልውረድ ያለችውን በዓይኗ ትመልሳለች። በእሷ ሕግ አራስ አርባ ቀን ሳይሞላት መጥረጊያ አትይዝም፣ እንስራ አታነሳም፣ ደጅ ለደጅ አትሮጥም። ባል መጥቶ «ደህና ሆናለች እኮ» ካላት፣ «አንተ ነህ የወለድከው?» ትለዋለች፤ ባል ይወጣል። ከዚያ እሷ ራሷ ወደ ሌላ አራስ ቤት ትበራለች። የሰፈሩ ልጆች «ባጃጅ» ብለው ስም አውጥተውላት ነበር። አልከፋትም፤ እንዲያውም መንገድ ላይ ልጆች ሲጠሯት በአፏ ጥሩንባ እየነፋች ታልፋለች።

ሃምሳን ከተሻገረች በኋላ ነገር ተለወጠ። የወር አበባዋ ከቆመ ወዲህ የአዳማ ፀሐይ ያነሰ ይመስል ከውስጧ ሌላ ሙቀት እየተነሳ ፊቷን ያነደው ጀመር። እንቅልፏ ተቆራረጠ። ከሁሉ የከፋው ግን እግሯ ነው። አያማትም፤ አላበጠም፤ ብቻ መሄድ አያሰኛትም። ድሮ ሳታስበው የሚነሳው እግር አሁን ልመና ይፈልጋል። ገበያ ልትሄድ ተነስታ ሻርፗን ትለብስና፣ በር ላይ ስትደርስ «ነገስ ቢሆን?» ብላ ትመለሳለች።

ከባሏ ታናሽ እህት ከሶፊ ጋር ግድግዳ ተጋርተው ነው የሚኖሩት። ሶፊ ደግ ናት፤ አፏ ግን ምላጭ ነው። አንድ ቀን ቀመሪያ ከሰዓት በኋላ ፍራሽ ላይ ጋደም ብላ ብታገኛት፣ ውሃ ቧንቧ ጋ ሄዳ «ባጃጇ ጋራዥ ገብታለች፤ መለዋወጫ እስኪመጣ ጠብቁ» አለች። ሰፈሩ ሳቀ። ቀመሪያም ሰምታ አብራ ሳቀች፤ ቤቷ ገብታ በሩን ስትዘጋ ግን ሳቁ ፊቷ ላይ አልቆየም። ሰነፍ እንደ መባል የሚያማት ነገር አልነበረም። ድሃ ቢሏት፣ ጠቋራ ቢሏት፣ ደሮ ሌባ ቢሏት ይቀላት ነበር።

ባሏ መሐመድዘይን ከመቂ ሽንኩርት እያስጫነ አዳማ ገበያ የሚያከፋፍል ሰው ነው። ክፉ አይደለም፤ ክፉ ያልሆነ ሰው ግን አይጎዳም ያለ ማን ነው? «ጉልበትሽን ማን ሰረቀሽ?» ይላታል እየሳቀ። ፍል ውሃ ያፍታታል ሲሉት ሶደሬ ወሰዳት። ውሃው ውስጥ ተነክራ ወጣችና ዛፍ ጥላ ሥር እንቅልፍ ጣላት፤ እሱም አብሮ አሸለበ፤ ሲነቁ ጦጣዎቹ ምሳቸውን ጨርሰው ቅርንጫፍ ላይ ጥርሳቸውን ይፍቃሉ። «እግርሽን ፍለጋ መጥተን ምሳችንንም አጣን» አለ መሐመድዘይን።

ክሊኒክም ሄዳለች። ወጣቱ ሐኪም ስልኩን እያየ «ዕድሜ ነው፣ እናቴ» ብሎ ቫይታሚን ጻፈላት። ያን ሁሉ ዓመት ተምሮ የደረሰበት ይህ ነው፤ ዕድሜ ነው። ዕድሜ ከሰውነቷ ምን እንደወሰደ፣ የወሰደውስ ከእግር ጋር ምን አገናኘው፣ ምን ቢደረግ ይሻላል፣ እነዚህን ለመናገር ጊዜ አጣ። ባጃጅ እንኳ ሲቆም መካኒኩ ከፍቶ ያያል፤ ይህ ነው ያቆመው ብሎ ዕቃውን በእጁ ይዞ ያሳያል። የሴት ሰውነት ሲቆም ግን መክፈቻው ዕድሜ፣ መዝጊያውም ዕድሜ።

ሥራ ያገኘችው በዚያ ሰሞን ነው። ሜቲ የምትባል የሰፈሩ ልጅ አለች፤ ስትወለድ መጀመሪያ ያጠባት የቀመሪያ እጅ ነው። ሜቲ አድጋ፣ ተምራ፣ ከከተማው ዳር ባለ አንድ ኮሌጅ አስተማሪ ሆና ለሁለተኛ ዲግሪዋ ምርምር ጀምራለች። ምርምሩ በነጭ አይጦች ላይ ነው። አይጦቹን የሚንከባከብ ታማኝ ሰው ስትፈልግ እንደ እናት «አዴ» የምትላትን ቀመሪያን አሰበች። «ቁጭ ተብሎ የሚሠራ ሥራ ነው፣ አዴ፤ ሩጫው የእነሱ ነው» አለቻት። ቀመሪያ አይጥ ለማብላት ደመወዝ የሚከፈልበት ዘመን ላይ መድረሷ ገርሟት ተቀበለች።

ሥራው ሰጋቱራ መቀየር፣ ውሃና መኖ መስጠት ነው። እያንዳንዷ አይጥ የራሷ የሽቦ ቤት አላት፤ ቤቷ ውስጥ ደግሞ በቦታው የሚሽከረከር የሽቦ ጎማ ቆሟል። አይጧ ካሰኛት ጎማው ላይ ወጥታ ትሮጣለች፤ ካላሰኛት ትተወዋለች። የሚያስገድዳት የለም፤ ሽልማትም የላትም። የሮጠችው ሁሉ በሽቦ አልፎ ወዲያኛው ክፍል ካለው የሜቲ ኮምፒዩተር ውስጥ ይገባል። አይጥ ደግሞ ሯጭነቷ በጨለማ ስለሆነ፣ ሜቲ መስኮቱን በጥቁር ሸራ ጋርዳ ቀኑን ሌሊት አድርጋባቸዋለች። ቀመሪያ ጠዋት ስትገባ ትልቁን መብራት አጥፍታ አይጥ እንደ ጨለማ የምታየውን ቀይ አምፖል ታበራለች፤ ወደ ማታ ስትወጣ ትልቁን አብርታላቸው ትሄዳለች፤ እነሱም ይተኛሉ።

ቀመሪያ መጀመሪያ ሳቀችባቸው። የትም የማያደርስ መንገድ ነው፤ ወጥተው ይጋልባሉ፤ ሲወርዱ እዚያው ናቸው። ኋላ ግን ወደደቻቸው። ቀይ ብርሃኑ ውስጥ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ጎማዎቹ ሲንሿሹ ስትሰማ የራሷ እግር የሄደ ያህል ይቀላታል። ሴቶቹ አይጦች በየአራት በየአምስት ቀኑ የሆነ ነገር እንደሚነካቸውም አየች። ትናንት ደህና የነበረችው ዛሬ ጎማውን እስኪጮህ ትጋልበዋለች።

«ይቺ ዛሬ ሠርግ አለባት እንዴ?» አለቻት ሜቲን።

ሜቲ በደስታ አስረዳቻት። ሴቷ አይጥ የእንቁላል እጢዋ ኢስትሮጅን የሚባል ሆርሞን ያመነጫል፤ እሱ ከፍ በሚልበት ሰሞን ነው እንዲህ የምትሆነው። ወንድ የምትቀበልበት ጊዜም ያን ጊዜ ነው።

«ታዲያ ወንድ ፍለጋ ነዋ የምትሮጠው።»

«የሚመስለውስ እንደዚያ ነው። እሷ ግን ወንዱን አታውቀው፣ አላየችው። መሮጥ ብቻ ነው ያሰኛት፣ አዴ።»

የሜቲ ጥያቄ እንግዲህ ይህ ነበር፦ ያ እጢ ቢወጣ የመሮጥ አምሮቷ ምን ይሆናል? ከአይጦቹ ከፊሎቹን በማደንዘዣ አስተኝታ እጢያቸውን አወጣች። ሌሎቹን ደግሞ ከፍታ ምንም ሳታወጣ ሰፋቻቸው፤ «ያደከማቸው ቁስሉ ነው እንዳይባል» ብላ። ቁስላቸው ሲደርቅ ጎማዎቹን መለሰችላቸውና ቀመሪያን «ደህና አድርገው ይያዙልኝ» ብላት ወደ ኮምፒዩተሯ ገባች።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። ሜቲ ደህና አድርጎ መያዝ ስትል ንጹሕ ሰጋቱራና ንጹሕ ውሃ ማለቷ ነው። ለቀመሪያ ግን ሆዷ ተከፍቶ የሴትነት ዕቃዋ የተነካን ፍጡር ደህና አድርጎ መያዝ ዕድሜዋን ሙሉ የሠራችው ሥራ ነው፤ መንገዱም አንድ ነው። አራስ ናቸው። አራስ ደግሞ ጎማ ላይ አትጋልብም። አርባዋ ሳይወጣ የምትጋልብ አራስ ምን እንደምትሆን ቀመሪያ ስንቱን አይታለች። ተከፍተው ዝም ብለው የተሰፉትን ግን ተወቻቸው፤ በእሷ ሚዛን አራስነት የማህፀን ነገር እንጂ የቆዳ አይደለም።

ከሰጋቱራው ጆንያ አፍ ላይ የተፈታውን ጥቁር ክር ወስዳ፣ እጢያቸው የወጣውን አይጦች ጎማ በየጀርባው ከሽቦው ጋር አሰረች። ጠዋት ትልቁን መብራት ስታጠፋ ታስራለች፤ ማታ ስትወጣ ትፈታለች፤ እንስሳ ያለ ጠባቂ ታስሮ አያድርም፤ ሐራም ነው። በዚያ ላይ ከቤቷ በማሰሮ ክዳን ማርቃ ይዛ ትመጣለች፤ መሐሉ ላይ ቅቤ ጠብ አድርጋ ለእያንዳንዷ በጣቷ ጫፍ ታቀምሳለች። አይጦቹ ከዚያ በፊት እንዲህ ተወደው አያውቁም ነበር። አማሩ፤ ወፈሩ።

ሜቲ በቀይ ብርሃኑ ሰዓት እንዳትረብሻቸው ብላ ወደ ክፍሉ አትገባም። የምታየው ኮምፒዩተሯን ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግን ቀመሪያን በሩ ላይ ጠርታ፣ እጇን ይዛ ወንበሯ ላይ አስቀመጠቻት። ስክሪኑ ላይ ሁለት መስመሮች አሉ። አንዱ ተራራ ወጥቶ ተራራ ይወርዳል፤ እጢያቸው ያልተነካው የጤነኞቹ ነው። ሌላው ከታች እንደ ሸንኮራ ማሳ ለጥ ብሎ ተኝቷል።

«ይሄ የነዚያ ነው፣ እጢያቸውን ያወጣሁባቸው» አለች ሜቲ፣ የታችኛውን መስመር በጣቷ እየተከተለች። «እንደሚቀንስ አውቅ ነበር፤ እንዲህ ፍጹም ይቆማል ብዬ ግን አላሰብኩም። ያዩታል፣ አዴ? ሰነፍ አይጥ የለችም። ሆርሞኗን ስወስድባት መሮጥ የሚያሰኛትን ነገር ነው የወሰድኩባት።»

ቀመሪያ መስመሩን ብዙ ቆይታ አየችው። ከዚያ ማንንም ጠይቃ የማታውቀውን ጠየቀች። «የእኔ ወር አበባ ከቆመ ቆየ። ይሄ ያልሽው ነገር እኔም ዘንድ ቀንሷል ማለት ነው?»

ሜቲ አዎ፣ ቀንሷል አለቻት። ወዲያው ደግሞ አይጥ ሰው አይደለችም፣ የሰው እግር ብዙ ነገር ያስረዋል፣ ከአይጥ ተነስቼ ወደ እርስዎ እግር ዘልዬ መናገር አልችልም አለች። ይህን ሁሉ በጥንቃቄ ነው የተናገረችው። ቀመሪያ ግን የሰማችው እስከ «ቀንሷል» ድረስ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ጆሮዋ አልተቀበለም። እውነት ለመናገር ማን ይፈርድባታል? አንድም ሰው ስለ ገዛ ሰውነቷ አንዲት ዓረፍተ ነገር ሙሉ ነግሯት አያውቅም ነበር።

ያን ዕለት ቤቷ ስትገባ መሐመድዘይንና ሶፊ ሻይ ይጠጣሉ። ሶፊ ገና ሳትጀምራት ቀመሪያ ቀደመቻት። ቆማ፣ ሻርፗን ሳታወልቅ፣ ስለ ሁለቱ መስመሮች ነገረቻቸው። ሴቷ አይጥ እጢዋ ሲወጣ ጨርሶ እንደምትቆም፣ ይህም ስንፍና እንዳልሆነ፣ የተማረ ሰው በኮምፒዩተር እንዳየው፣ እሷም በዓይኗ እንዳየችው።

«ወንዱስ?» አለ መሐመድዘይን፣ ቀልድ ሲያገኝ እንደሚያደርገው ዓይኑን አጥብቦ። «እሱ መቼም ይሮጣል።»

«ወንዱም ሲኮላሽ ሩጫው ይቀዘቅዛል። ሜቲን ጠይቄያታለሁ። እሷ ወንዱ ላይ አትሠራም እንጂ ሌሎች ሠርተውታል።» ትንሽ ቆየችና «ካላመንክ ፈቃደኛ ከተገኘ እሞክራለሁ ብላለች» አለችው።

መሐመድዘይን ሻዩን አስቀምጦ እግሩን አጣመረ። ሶፊ ሳቋን መያዝ አቅቷት ወጣች። ከዚያ ወዲህ ግን ውሃ ቧንቧው ጋ ስለ ጋራዥ የሚያነሳ ጠፋ። መሐመድዘይን ጀሪካኑን ሳይጠየቅ ያነሳ ጀመር። ቀመሪያ ከሰዓት በኋላ በሯን ከፍታ፣ ሰው እያያት፣ ጋደም አለች። እንደዚያ ያለ ዕረፍት ካገኘች ስንት ጊዜዋ ነው።

ሳምንት አልቆየም። አንድ ጠዋት እንደ ወትሮዋ ትልቁን መብራት አጥፍታ ቀዩን አበራችና ክሩን ለማሰር አጎነበሰች። የመጀመሪያውን ጎማ አሰረች። ሁለተኛው ላይ እጇ ቆመ።

ያ መስመር የተኛው በዚህ ክር ነው።

በርጩማዋ ላይ ዘፍ አለች። እንዴት እስከዚያች ቀን ድረስ ሳታገናኘው ቀረች? በእሷ ሐሳብ ኮምፒዩተሩ የሚያየው አይጧን ነበር፤ መሮጥ ማሰኘት አለማሰኘቷን፤ ልክ ሐኪም ልብን እንደሚያዳምጥ። ኮምፒዩተሩ ግን ጎማውን ነው የሚያየው። ጎማው ከታሰረ ፈረስም ብትሆን መስመሩ ይተኛል።

እንግዲህ ሁለት መንገድ ነው ያላት። ክሩን አስራ ዝም ብትል መስመሩ እንደተኛ ይኖራል፤ ሜቲ ትመረቃለች፤ እሷም በሯን ከፍታ ትተኛለች። ክሩን ብትፈታ ደግሞ ምናልባት አይጦቹ ይሮጣሉ፤ እንደ ጤነኞቹ ይጋልባሉ፤ ያኔ እጢም ሆርሞንም የሚባለው ምክንያት አይደለም ማለት ነው። ያኔ ሰነፍ ናት ማለት ነው። ሶፊ እውነቷን ነበር ማለት ነው።

ሁለተኛውን ሳታስር ተወችው። ያሰረችውንም ፈታች። ከዚያ ተቀመጠችና እንዳይሆንባት የምትፈራውን ነገር ትጠብቅ ጀመር። አንዷ፣ ከሁሉም ይልቅ ማርቃ የምትወደው ወፍራሟ፣ ከሰጋቱራው ወጥታ ወደ ጎማው መጣች። አሸተተችው። ወጣችበት።  አይጧ ጥቂት አዞረችው፤ አቆመች፤ ወርዳ ጢሟን አጠበች። ቆይታ ደግሞ ወጣች፤ ጥቂት አዞረች፤ ወረደች። ከጎኗ ያለችው ጤነኛ ጎማዋን እያስጮኸች ነው።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ቀመሪያ አላወቀችም። ዳኛው ሜቲ ነበረች፤ ለሜቲ ደግሞ መንገር ሊኖርባት ነው። በሩን ከፍታ ወዲያኛው ክፍል ሄደች። ያቺን አጭር መንገድ እግሯ ያን ቀን እንደከበዳት ከብዷት አያውቅም።

«ሜቲ፣ ያ መስመር የእኔ ሥራ ነው» አለቻት።

ሜቲ ቀልድ መስሏት ፈገግ አለች። «አዎ፣ አዴ፣ ያለ እርስዎ አይሆንም ነበር።»

«አይደለም፣ ልጄ። ጎማውን አስሬው ነው። ስመጣ አስራለሁ፤ ስሄድ እፈታለሁ።»

የሜቲ ፊት ቀስ ብሎ ነው የተለወጠው። «የትኞቹን?»

«እጢያቸው የወጣውን።»

«ለምን?»

«አራስ አይደሉ? አርባቸው መች ወጣ።»

ሜቲ ማስታወሻዋን ገለጠች። ከዚያ እንደ መርማሪ፣ ድምፅዋን ሳታነሳ፣ ሌላ የተደረገ ነገር እንዳለ ጠየቀች። ቀመሪያ ማርቃውን ነገረቻት።

«ቅቤ ነበረው?»

«ትንሽ። ለጠረን ያህል።»

ሜቲ ጭንቅላቷን ጠረጴዛው ላይ ደፋች። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፤ ቀመሪያ ልጅቷ እያለቀሰች ነው ወይስ እየሳቀች መለየት አልቻለችም፤ ሜቲም ራሷ የለየችው አይመስልም። ቀና ስትል ግን ዓይኗ ቀልቶ ነበር፤ ተቆጣችም። ለመምህሯ የላከችው ውጤት ውሸት እንደሆነ፣ አይጦቹ ሁሉ ተቀይረው ሥራው ከሥሩ መጀመር እንዳለበት፣ ፈታኞቿ ፊት የምትቀርብበት ቀን እንደሚገፋ ነገረቻት። ቀመሪያ ራሷን ዝቅ አድርጋ ሰማች። ለማስተባበል አልሞከረችም። ሥራዬን ልተው ወይ ብላ ስትጠይቅ ሜቲ አፍጥጣ አየቻት።

«ዝም ብለው ቢያስሩት ኖሮ አላውቅም ነበር እኮ። ፈታኞቹም አያውቁም። ለምን ነገሩኝ?»

«እኔ ሰነፍ መሆን አለመሆኔን ነው ማወቅ የምፈልገው። ክሩ የሚነግረኝን አይደለም።»

 ሜቲ አዲሶቹ አይጦች ሲመጡ በዚህ ቤት አራስ የሚባል ነገር እንደሌለ፣ ማርቃም በር ላይ እንደሚቀር፣ እሷ ራሷም በየቀኑ በቀይ መብራቱ ሰዓት ገብታ እንደምታይ ተናገረች። የመጨረሻውን ስትል ትንሽ አፍራለች።

ለቀመሪያ የከበደው ግን ይህ አይደለም፤ የቤቱ ነው። አንገቷን ቀና አድርጋ የተናገረችውን አንገቷን ደፍታ መመለስ ነበረባት። መለሰችው። መሐመድዘይን ጨዋ ሆኖ ጀሪካኑን አንስቶ ወጣ። ሶፊ ግን በሳቅ ፍራሹ ላይ ተንከባለለች። በማግስቱ ውሃ ቧንቧው ጋ «የአይጥ አራስ ጠያቂ» የሚል አዲስ ስም ወጣ፤ አንዷ ጎረቤት አጥሚት ልላክ ወይ ብላ ጠየቀቻት። ቀመሪያ ቻለችው። ሰው ገና ባልተፈረደ ነገር ላይ ሲስቅ እንዴት እንደሚያናድድ የቀመሰው ያውቀዋል። ይህ ሰፈር ደግሞ መልሱ እስኪመጣ ጠብቆ አያውቅም፤ የሚስቅበት ካገኘ መልሱን ምን ሊያደርግለት።

ክረምቱ አለፈ። አዲሶቹ አይጦች መጡ፣ ተከፈቱ፣ ተሰፉ። ቀመሪያ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች። አንዳንዴ እጢዋ የወጣው ጎማው ላይ ስትወጣ ስታያት ክሩን ታስባለች፤ ግን አትነካትም። የሜቲ አዲሱ መስመር ሲወጣ ያለፈውን አልመሰለም። ለጥ ብሎ አልተኛም። ከጤነኞቹ በጣም ዝቅ ብሎ፣ ተራራ አልባ፣ ግን ሕይወት ያለው መስመር ነው። እጢያቸው የወጣው ይሮጣሉ፤ ትንሽ፣ ቆም እያሉ። ሜቲ ከመካከላቸው ለተወሰኑት ኢስትሮጅን የያዘ ቀጭን ቱቦ ከቆዳቸው ሥር ስታስገባላቸው ደግሞ፣ ጥቂት ቀን ቆይቶ ጎማው መጮህ ጀመረ። ይህን ቀመሪያ ከኮምፒዩተሩ በፊት በጆሮዋ ሰማችው። ከዚያም ሜቲ ያን የመጀመሪያ ቀን ቀመሪያ ያልሰማችውን ደግማ ነገረቻት፤ የአይጥና የሰው ነገር አንድ እንዳልሆነ፣ ለራሷ ደግሞ የሴቶች ሐኪም ጋ እንድትሄድ፣ ዕድሜ ነው ቢላትም ምክንያቱን እስኪነግራት ከወንበሯ እንዳትነሳ። በዚህኛው ቀን እስከ መጨረሻው ሰማቻት።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ቢሊሴ የምትባል ወጣት ወለደች። ቀመሪያ ተጠራች። ሻርፗን ጣል አድርጋ ወጣች፤ በር ላይ ስትደርስ «ነገስ ቢሆን?» አላት እግሯ፤ ዛሬ ነው አለችው። ሶፊ ዱቄቱን ታቅፋ አብራት ነበረች፤ መንገዱን ሁሉ ስለ አይጥ ትቀልድባታለች። ግማሽ መንገድ ላይ ከሱቅ ፊት የተደፉ የለስላሳ ሳጥኖች አገኙ። ቀመሪያ አንዱ ላይ ተቀመጠች።

«ይኸው ቆመች» አለች ሶፊ።

«አዎ፣ ቆምኩ። አይጧም ትቆማለች። አሁን ጎማው ሳይታሰር፣ በራሷ። ትወጣለች፣ ትንሽ ትሮጣለች፣ ትወርዳለች፣ ደግሞ ትወጣለች። እዚያ ቤት ስትወርድ ሰነፍ የሚላት የለም፤ ምን ቀነሰባት ብለው ነው የሚጠይቁት። እኔንም እንደዚያ ጠይቁኝ።»

ሶፊ አፏ ላይ ቀልድ መጣ። ግን አልወጣም። ዱቄቱን ከአንድ ክንዷ ወደ ሌላው አዛወረች። ሰው መኖር አለመኖሩን ግራ ቀኝ አየችና፣ ቀመሪያ ከሶፊ አፍ ሰምታ በማታውቀው ቀጭን ድምፅ፣ ሙቀቱ የሚጀምረው ከደረት ነው ወይስ ከፊት ብላ ጠየቀቻት።

ቀመሪያ ቀና ብላ አየቻት። ሶፊ ከእሷ በአራት ዓመት ብቻ ነው የምታንሰው፤ ይህን አስባው አታውቅም ነበር። «ከደረት ነው። ወደ ላይ ይወጣል። መቼ ጀመረሽ?»

«ከረመዳን ወዲህ። ሻይ የበዛብኝ ነበር የሚመስለኝ።» ሶፊ አጠገቧ ካለው ሳጥን ላይ አቧራውን በእጇ ጠረገችና ተቀመጠች። ሁለቱም የሚያልፈውን ጋሪ አዩ። ቀመሪያ ስለ ሴቶች ሐኪሙ ነገረቻት፤ አብረን እንሂድ አለች ሶፊ፣ ለመሐመድዘይን ግን አትንገሪው፤ ቀመሪያም እነግረዋለሁ አለች፤ የሚደበቅ ምን ነገር አለው።

ከቢሊሴ ቤት በኩል አንዲት ሴት ወጥታ ውሃው ፈልቷል እያለች በእጇ ጠራቻቸው።

ቀመሪያ ተነሳች። «በይ ተነሺ፣ አራሷ ራባት።»

«ቆይ እስኪ» አለች ሶፊ፣ ዱቄቱን እንዳቀፈች። «ትንሽ ልቀመጥ።»

ቀመሪያ መልሳ አጠገቧ ተቀመጠችና ለሴትዮዋ «እየመጣን ነው» የሚል ምልክት በእጇ ሰጠቻት።